የጭቃ ጉድጓዱን ጠጠር አያድነውም፤ የደን ውስጥ የመኪና መንገድ ስለ መጠገን

ጥያቄ፦ «በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የፎር ዊል መኪና ወዳጆች ነን። አዘውትረን የምንሄደው ማሳኑተን ተራራ ላይ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ወዳለው የፒተርስ ሚል ረን መንገድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ትልቅ የጭቃ ጉድጓድ ተፈጥሮ፣ መኪናው ሁሉ በጎን እየዞረው መንገዱ ሦስት ሆኗል። ከዚያ ከፍ ብሎ ሁለት ዛፎች ወድቀዋል። አንዱ ጓደኛችን ቼይንሶው (የሞተር መጋዝ) አለው፤ ሌላው ለሥራው የሚጠቀምባት ትንሽ የቁፋሮ ማሽን አለችው። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ትራክ ጠጠር በመግዛት ጉድጓዱን ልንሞላ፣ ዛፎቹንም ልንቆርጥ አስበናል። ደኑ የሕዝብ ነው፣ እኛም ግብር እንከፍላለን። ፈቃድ ያስፈልገናል? ጠጠሩስ ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል?»

ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ጠጠሩን ደግሞ አትግዙ። ከጠጠሩ ልጀምር፤ ፈቃዱ ዛሬውኑ ቢገኝ እንኳ ያሰባችሁት ሥራ ችግሩን አይፈታውም።

መኪና በተመላለሰ ቁጥር አፈሩ በጎማዎቹ ልክ ይጠቀጠቅና ይሰረጉዳል። ከጎማው ሥር የተገፋው አፈር ደግሞ በመንገዱ ዳር እንደ ትንሽ ግድብ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ መንገዱን አቋርጦ ማለፍ ሲገባው በጎማው ቦይ ውስጥ ይያዛል፤ መንገዱንም ተከትሎ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ጉልበት ያበጃል፣ አፈር ይጠርጋል። መንገዱ ረገብ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ይቆምና የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። የእናንተ ጉድጓድ የተፈጠረው እንዲህ ነው። ደቃቁ ደለል የጉድጓዱን ወለል ስለሚደፍነው ውሃው ወደ መሬት አይሰርግም፤ ዝናቡ ካባራ ከቀናት በኋላም ያቆረው ውሃ እዚያው ይገኛል። የሚያልፈው መኪና ያንኑ ያቦካዋል፣ ጉድጓዱም ይሰፋል።

በእንዲህ ያለ ማጥ ላይ ጠጠር ቢደፋ ለጥቂት ሳምንት ያምራል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲመላለስበት ግን ጠጠሩ እየሰመጠ፣ ጭቃው በጠጠሩ መሃል ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። መንገድ ሠሪዎች በለስላሳ አፈርና በጠጠር መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ የሚያነጥፉት ይህን ለማስቀረት ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩና ጠጠሩ ግን እንዳይደባለቁ ያግዳል። ስለ ጠጠሩ ዓይነት ስለጠየቃችሁ፦ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር በጎማ ሥር ስለሚንከባለል አይሆንም። የሚሻለው ጠርዝ ያለው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ከነዱቄቱ ሲሆን እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ሲጠቀጠቅም ይጠነክራል። ከየትም ተጭኖ የመጣ ጠጠር የወራሪ አረም ዘር ይዞ ሊገባ ስለሚችል የደኑ አስተዳደር ምንጩን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ግን የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ካልተቀለበሰ ጨርቁም ጠጠሩም በደለል ይቀበራሉ፤ ገንዘባችሁም እንዲሁ።

ምርመራው ወጪ የለውም። ዝናብ እየዘነበ መኪናችሁን ከታች አቁማችሁ ከጉድጓዱ ጀምሮ ወደ ላይ በእግር ውጡ። በጎማው ቦይ ላይ ጥቂት ደረቅ ቅጠል ብትጥሉ ውሃው ወዴት እንደሚወስደው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ውሃው ወደ መንገዱ የገባበትን ቦታ እስክታገኙ አትቁሙ። አንዳንዴ ቅርብ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጉድጓዱ መቶና ሁለት መቶ ሜትር ሽቅብ ይወስዳችኋል፤ በቅጠል የተደፈነ አሮጌ መውጫ ወይም አፉ የታነቀ ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ቦታዎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አካፋ ግን አታንሡ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

መፍትሔው ውሃውን ትንሽ ሳለ፣ ጉልበት ሳያገኝ ከመንገዱ ማስወጣት ነው። ጎጃም ወይም ጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ፈሰስ ያውቃል፦ ገበሬው ማሳውን በሰያፍ እየሰነጠቀ የሚያወጣት ቦይ ናት፤ ጎርፉን ሳይበረታ ወደ ዳር ታወጣዋለች። በመኪና መንገድ ላይ የሚሠራውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ጎማ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። በእግር መንገድ ላይ እንደሚደረገው ግንድ በሰያፍ ቢቀበር መኪና በአንድ ወቅት ነቅሎ ይጥለዋል፣ ወይም ሾፌሩ በጎን ይዞረዋል። ስለዚህ መንገዱ ራሱ ረዘም ባለ ርቀት ረገብ ብሎ መልሶ ከፍ እንዲል ተደርጎ ይቀረጻል። ረገብታውና ጉብታው አንድ ላይ ከመኪናው ርዝመት መብለጥ አለባቸው፤ ካጠረ መኪናው ሆዱን ይመታል ወይም የጉብታውን አናት ይቦጭቃል። የረገብታው ወለል ወደ ቁልቁለቱ ጎን ያዘነብላል። መውጫው ሰፋ ተደርጎ በድንጋይ ይጠናከራል፣ ውሃውም ወደ ጅረት ሳይሆን ወደ ደኑ ወለል ይለቀቃል፤ ቅጠሉና ሥሩ ደለሉን ያጠሩታል። አብዛኛው የጥገና ሥራ እንግዲህ አዲስ ነገር መሥራት አይደለም፤ ድሮ የተሠራውን ረገብታ መውጫ ከደለል መጥረግና በመንገዱ ዳር የቆመውን የአፈር ግድብ መናድ ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጅኖና ሰፊ ጥርስ ያለው መጫሪያ ይበቃሉ።

አንድ ገደብ አለ። የመንገዱ ቁልቁለት ከተዳፋቱ ቁልቁለት ከግማሽ በላይ ከሆነ ውሃው ወደ ጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይከተላል፤ ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ የደን መንገዶች እንጨት ለማውጣት በቀጥታ ቁልቁል የተቀደዱ ስለሆኑ ይህን አያሟሉም። በእነዚህ ላይ የቱንም ያህል መውጫ ብትቆፍሩ ትርፉ ድካም ነው፤ መንገዱ መዛወር አለበት። መንገድ ማዛወር ደግሞ በ1969ኙ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ መሠረት ጥናት የሚጠይቅ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ዓመታትም ሊወስድ ይችላል።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ደኑ የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥታችሁ የደረሳችሁበት መደምደሚያ ግን ልክ አይደለም። የምሥራቅ አሜሪካ ብሔራዊ ደኖች አብዛኛው መሬት በ1911ዱ የዊክስ ሕግ መሠረት ከግለሰቦችና ከኩባንያዎች በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ነው። የተገዛበት ዋና ምክንያትም መርከብ የሚሄድባቸውን ወንዞች ምንጭ መጠበቅ ነበር። የእናንተ ደን በ1918 ሸናንዶዋ ብሔራዊ ደን ተብሎ ተቋቋመ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1932 ነው። መሬቱ ለውሃ ሲባል የተገዛ ነውና አስተዳዳሪዎቹ በደለል ጉዳይ ቢጨክኑ አይገርምም።

በ2005 የወጣው የፎረስት ሰርቪስ (ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው የፌዴራል የደን አገልግሎት) የተሽከርካሪ ደንብ ደግሞ አሠራሩን ገለበጠው። ከዚያ በፊት በብዙ ደኖች ካልተከለከለ ክፍት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኪና የሚነዳው በይፋዊው የሞተር ተሽከርካሪ ካርታ ላይ በተመለከተ መንገድ ብቻ ሆነ። ጉድጓዱን ለመዞር የተከፈቱት ሁለት መንገዶች ካርታው ላይ የሉም፤ ስለዚህ በእነሱ የሚነዳ ሰው፣ እናንተንም ጨምሮ፣ ደንብ ይጥሳል። በደኑ ውስጥ ያለ ፈቃድ መንገድ መሥራትም ሆነ መጠገን፣ ዛፍ መቁረጥም እንዲሁ ክልክል ነው። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለአንድ አካፋ አፈር ማንም እስር ቤት እንደማይገባ አውቃለሁ። ማሽን አስገብቶ መሬት የቆፈረ ሰው ግን «በጎ አስቤ ነው» ማለቱ ብዙ አይረዳውም።

ከቅጣቱ ይልቅ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ግን ሌላ ነው። በ1972 የወጣው የብሔራዊ ደኖች የበጎ ፈቃድ ሕግ ስምምነት ፈርሞ የሚሠራን በጎ ፈቃደኛ፣ በሥራ ላይ ቢጎዳ የፌዴራል ሠራተኛ የሚያገኘውን የጉዳት ካሳ እንዲያገኝ፣ በሥራው ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስም ተጠያቂነቱን መንግሥት እንዲይዝለት ያደርጋል። ይህ የሚሠራው በስምምነቱ ለተጻፈው ሥራ፣ ለተጻፈው ቦታና በዝርዝሩ ላይ ለፈረመ ሰው ነው። ሳትፈርሙ የቆረጣችሁት ግንድ የጓደኛችሁን እግር ቢሰብር ሕክምናው የራሱ ነው። የሠራችሁት ጉብታ አንዱን ሞተረኛ ቢገለብጥ ጠበቃው የሚፈልገው እናንተን ነው። ፈርማችሁም ቢሆን የመኪናችሁ ጉዳት ተካቷል ብላችሁ አትገምቱ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አካፋ አታንሡ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ማሳኑተን ዙሪያ በ19ኛው መቶ ዘመን ብረት የሚያቀልጡ እቶኖች ነበሩ፤ የኤልዛቤት እቶን ፍርስራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ለእነሱ ከሰል የሚከሰልባቸው ክብ ደልዳላ ቦታዎች በተዳፋቱ ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርጉ አፈሩ ጥቁር፣ የከሰል ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ነው። ለማያውቅ ሰው መኪና ማዞሪያ ወይም አፈር መዛቂያ ሊሆን የሚችል ምቹ ሜዳ ይመስላል። እንዲህ ያለ ቅርስ ያለበትን የፌዴራል መሬት መቆፈር በ1979ኙ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ሊያስከስስ ይችላል። በሌላ በኩል ከተራራው በሚወርዱት ቀዝቃዛ ጅረቶች ብሩክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ይኖራል፤ የቨርጂኒያ መለያ የንጹሕ ውሃ ዓሣ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት በጠጠር መሃል እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም በብርዱ ወራት ሁሉ እዚያው ይቆያል። ደለል ሲወርድበት ጠጠሩ ይደፈንና እንቁላሉ አየር ያጣል። የት ይቆፈራል፣ መቼ ይቆፈራል የሚለውን ከመንገዱ ዳር ቆሞ መወሰን የማይቻለው ስለዚህ ነው። በደኑ አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ካርታው ያላቸው ሰዎች አሉ።

የቼይንሶው ነገር ከሁሉም ይጠነክራል። በፎረስት ሰርቪስ ብሔራዊ የመጋዝ ፖሊሲ መሠረት በጎ ፈቃደኛም ቢሆን ሠልጥኖ፣ በመስክ ተፈትኖ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የልብ ማሸት ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ ወረቀቱም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ጓደኛችሁ በግቢው ዛፍ እየቆረጠ ዓመታት ቢያስቆጥርም ይህ አይቀርለትም። ተዳፋት ላይ የወደቀ ግንድ በሁለት ጫፉ ተንጠልጥሎ ወይም በቅርንጫፉ ላይ ተደግፎ እንደ ተወጠረ ምንጭ ይቀመጣል። ከላይ በኩል ተጨምቆ ከታች ከተወጠረ መጋዙን ከላይ ብትሰዱት ይነክሰዋል፤ ከታች ብትጀምሩ ደግሞ ግንዱ ባልጠበቃችሁት ቅጽበት ተገንጥሎ ይፈናጠራል። ከእስያ የገባው አረንጓዴ ጥንዚዛ የገደላቸው የአሽ ዛፎች ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው ሳሉ ውስጣቸው ተሰባሪ ነው፤ የመጋዙ ንዝረት ብቻ ከላይ ቅርንጫፍ ያወርዳል። መንገድ ላይ ዛፍ ካገኛችሁ ፎቶውንና ቦታውን ለዲስትሪክቱ (ለአካባቢው የደን ቢሮ) ልካችሁ ተመለሱ። በዊንች (መኪና ላይ በሚገጠም የገመድ መጎተቻ) እጎትታለሁ የሚልም አለ፤ ቆሞ ያለ ዛፍን ያለ ሰፊ ማሰሪያ መልሕቅ ያደረገ ሰው ልጡን ልጦ ዛፉን ይገድላል። የተወጠረ ገመድ አጠገብ የሚቆም ሰው ደግሞ ከዛፉም የባሰ አደጋ ላይ ነው።

የቁፋሮ ማሽኗ ትቅር። ማሽን መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሙሉ ረገብታ ለመቅረጽ ከእጅ ሥራ ትሻላለች። ነገር ግን የተፈቀደ ዕቅድ፣ ብቃቱ የተረጋገጠ ኦፕሬተርና የሚቆጣጠር የደን ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ በመጀመሪያ ዓመታችሁ እነዚህን አታገኙም።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ እጃችሁ የሚችለውና ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ማንም ያልጠየቃችሁ ነው፤ ሁለቱን የጎን መንገዶች መዝጋት። ዋናው መንገድ ደርቆ እንኳ ጎኑ ክፍት ከሆነ ሰው በጎን ይነዳል። መግቢያው ላይ አንድ ግንድ መጣል አይበቃም፤ ያን ቀን ማታውኑ ይገፋል። ከመንገዱ ቆሞ ዓይን እስከሚያየው ድረስ መንገድ መምሰሉ መጥፋት አለበት። የተጠቀጠቀው አፈር በዶማ ይፈረካከሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይበተንበታል፤ ደረቅ ቅርንጫፎች እንደ በቀሉ ቁጥቋጦ ቀጥ ተደርገው ይተከላሉ፤ ትላልቅ ድንጋዮች እስከ ወገባቸው ይቀበራሉ። የማሳኑተን ሸንተረር የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ድንጋይ አታጡም። ከጅረት ውስጥ ግን አንዲትም አታውጡ። በዋናው መንገድ ላይ ያለውን አስቸጋሪ ድንጋይም አትንቀሉ። አንዳንድ በጎ ፈቃደኛ ለወዳጆቹ እንዲመች ብሎ መንገዱን ያለሰልስና በሚቀጥለው ወር በእጥፍ ፍጥነት የሚነዱ እንግዶችን ይጋብዛል።

አማራጮቻችሁን በአጭሩ ላስቀምጥ። ለቢሮው አሳውቆ መተው ቀላሉ ነው፤ ግን በ2025 የደን አገልግሎቱ ብዙ ሠራተኞች ስለተሰናበቱ ተራው እስኪደርስ ልትጠብቁ ነው። ከዲስትሪክቱ ጋር ስምምነት ካለው የመኪና ክለብ ጋር መቀላቀል ፈጣኑ ነው፤ በመጋዝ ሥራ የሠለጠነ ሰውም መሣሪያም አላቸው። የራሳችሁን ቡድን አስመዝግባችሁ አንድ መንገድ መረከብም ይቻላል፤ ይህ ግን ተጠሪ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የደኅንነት ዕቅድና በየዓመቱ ተመላልሶ መሥራትን ይጠይቃል። ጠጠርና ማሽን የሚጠይቀው ሥራ ላይ ሲደረስ የመዝናኛ መንገዶች ፕሮግራም የሚባል የፌዴራል ገንዘብ አለ፤ ከነዳጅ ቀረጥ ጋር የተያያዘ ሆኖ ቢያንስ 30 በመቶው ለሞተር ተሽከርካሪ መንገዶች የተመደበ ነው። በቨርጂኒያ የሚያስተዳድረው የግዛቱ የተፈጥሮ ጥበቃና መዝናኛ መሥሪያ ቤት ነው። አመልካቹ ከራሱ በሚያዋጣው ድርሻ ላይ የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓት ሊቆጠርለት ስለሚችል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፉ።

ይህ አካሄድ እንደሚሠራ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ካሊፎርኒያ የሚገኘውን የሩቢኮን መንገድ ተመልከቱ። በ2009 የውሃ ጥራት ቦርዱ በደለል፣ በመኪና ዘይትና በሰው እዳሪ ምክንያት ለካውንቲውና ለደን አገልግሎቱ የማጽዳት ትዕዛዝ ሰጠ። መንገዱ ይዘጋል የሚለው ስጋት እውን ነበር። የጂፕ ወዳጆቹ ከባለሥልጣናቱ ጋር ሆነው ውሃ መውጫዎችን ሠሩ፣ ጠገኑ፤ መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው።

ምክሬ ይኸው ነው፦ ኤዲንበርግ ወዳለው የሊ ሬንጀር ዲስትሪክት ቢሮ ደውሉ፣ የመዝናኛ ክፍሉን ወይም የበጎ ፈቃድ አስተባባሪውን ጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ስምምነት ካለው ክለብ ጋር ሥሩ። በዚያ ዓመት ሥራችሁ የውሃ መውጫ መጥረግና የጎን መንገዶቹን መዝጋት ብቻ ይሁን፤ ከመካከላችሁ ሁለት ሰው ለመጋዝ ሥልጠና ይመዝገብ። ጉድጓዱን የምትነኩት ከላይ ያለው ውሃ ተቀልብሶ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔም ማጡ ካልደረቀ ከሥሩ ምንጭ አለ ማለት ነውና የጨርቁና የጠጠሩ ጉዳይ በመሐንዲስ ይታያል።

ወደ ቢሮው ስትሄዱ በዝናብ ያነሣችሁትን ፎቶ ከነቀኑና ከነቦታው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለአንድ ሬንጀር ከጠጠር ገንዘብ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ለመፈረም ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይፈርማል፤ በሌላ ቪዛ ያለ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻችሁ በወላጅ ፊርማ ሊሠሩ ይችላሉ። ቅጠል ማልበሱ ላይ ከአዋቂ አያንሱም፤ ማታ ቤት ስትገቡ ግን መዥገር መፈተሽ አትርሱ፤ የላይም በሽታ በዚያ አካባቢ አለ።